እናቴ ለአውሮፕላን ቀሚስ የሰፋችበት ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ካልጋሪ፣ ሳድልታውን አጠገብ ያለ አንድ ኔይል ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጄ ጥፍሯን ልታሠራ ነው የሄድነው፤ እኔ ሹፌር ነኝ። የጥፍር ቀለሙ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ አርባ ምናምን ዓመቴ በር ከፍቶ ወጣና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቀረሁ።

«ማሚ፣ ላይክ፣ አር ዩ ክራይንግ?» አለችኝ ልጄ።

«ቀንቼ ነው።»

«በማን?»

«በአውሮፕላን።»

ጥፍሯን ወደምትሠራላት ሴትዮ ዞር ብላ «ሺ ጆክስ ኤ ሎት» አለቻት።

እውነቷን ነው፣ እቀልዳለሁ። አጋንናለሁም። ቤተሰቤ እኔ የምለውን ሁሉ ለአራት አካፍሎ ነው የሚሰማኝ። ይህን ግን ማንም እንዳያካፍልብኝ፦ እናቴ አንድ ክረምት ሙሉ የኔን ቀሚስ ፍሪጅ ላይ አስቀምጣ ለአውሮፕላን ቀሚስ ሰፍታለች። የአውሮፕላኗም ሽታ ልክ እንደዚህ ነበር፤ አንድ ሺህ ሙሽሮች ባንድ ክፍል ውስጥ ታጉረው ጥፍራቸውን የተቀቡ ያህል።

ያኔ የምንኖረው ሜይላንድ ሃይትስ ነበር፣ ሁለት ክፍል አፓርታማ ውስጥ። ከሥራችን አውራ ጎዳናው ያገሳል፣ ከላያችን አየር ማረፊያው ያገሳል፣ መሃል ላይ አባዬ ያንኮራፋል። አባዬ ኦግደን በሚባል ሰፈር ባቡር ሲጠግን የሚያድር የሌሊት ሺፍት ሠራተኛ ስለነበር ቀኑን ይተኛል። ስለዚህ በኛ ቤት ቀን ቀን መሮጥ፣ መሳቅ፣ ማስነጠስ ክልክል ነው። ትምህርት ቤት እስካለ ችግር የለም። ትምህርት ሲዘጋ ግን እኔን የሚያስቀምጡበት ቦታ ይጠፋል።

እማዬ ደሴ ፒያሳ በረንዳ ላይ መኪናዋን ዘርግታ የሙሽራ ልብስ ትሰፋ የነበረች ሴት ናት። ካልጋሪ ስትመጣ መጋረጃ ፋብሪካ ቀጠሯት። ጠዋት ገብታ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ በመሃሉ ቀጥ ያለ መስመር ትሰፋለች። «መጋረጃ ወገብ የለው፣ ደረት የለው፣» ትል ነበር። «እጄ የሰው ልጅ ቅርጽ ረሳ።»

በሰኔ አክስቴ ከደሴ ነጭ የሸማ ጨርቅ ላከችልኝ። ለእንቁጣጣሽ ነው። የኛ ሰዎች በሚከራዩት አዳራሽ ውስጥ በዚያ ዓመት የልጃገረዶቹ ዘፈን አውራጅ እኔ ነበርኩ። አውራጅ ማለት ከፊት የምትቆመዋ ናት፤ ሌሎቹ የሚቀበሏት፣ እናቶች ሁሉ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ የሚመረምሯት። እማዬ በአንድ ምሽት ለክታ ቆረጠችው። ደረቱ፣ ጀርባው፣ ሁለቱ እጅጌ፣ ሰፊው ጉርድ፤ ሁሉም ተጣጥፎ በፌስታል ፍሪጁ ላይ ወጣ።

«በሳምንቱ ትለብሺዋለሽ» አለችኝ።

በሳምንቱ ዋልተር መጣ።

ዋልተር ሰባ ዓመት ያለፈው ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን መካኒክ ነው። ከጆሮው የሚበቅለው ፀጉር ብቻውን ለአንድ ሕፃን ሹራብ ይበቃል። መጋረጃ ፋብሪካው ገብቶ «በመኪና ሳይሆን በእጁ መስፋት የሚችል ሰው አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ ጣቶች ሁሉ ወደ እማዬ ተቀሰሩ። በነጋታው ከሥራ ስትወጣ እንዳስተረጉምላት እኔን ይዛ ሄደች።

ዋልተር የሚሠራበት ሼድ አየር ማረፊያው አጥር አጠገብ ነበር፤ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ። እሷ መሃል ላይ ቆማለች። ማለቴ፣ አጽሟ። ሃሪኬን ትባላለች አለን። ጄት የሚባል ነገር ሳይመጣ በፊት አፍንጫዋ ላይ ያለው ፕሮፔለር እየጎተታት፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ክንፍ ዘርግታ የምትዋጋ፣ አንድ ሰው ብቻ የምትጭን የጦር አውሮፕላን። ጦርነቱ ሲያልቅ አንድ ገበሬ ለብረቷ ብሎ ወሰዳትና እርሻው ዳር ጣላት። ከዚያ ወዲያ የተሳፈረባት ዶሮ ብቻ ነው። ዋልተርና ጓደኞቹ ሲያመጧት ከሆዷ ሦስት ማዳበሪያ ላባ ወጣ። እሺ፣ አንድ ማዳበሪያ።

ከወንበሩ ወደ ኋላ ያለው አካሏ እንደ ዛሬዎቹ አውሮፕላኖች ብረት አይለብስም። የብረት ቱቦና የቀጫጭን እንጨት አጽም ነው፤ በላዩ የሚለብሰው ጨርቅ ነው። ጨርቁ ተወጥሮ በእጅ ይሰፋል፣ ከዚያ ዶፕ የሚሉት ውሃ የመሰለ ቅባት ይቀባል፤ ቅባቱ ሲደርቅ ጨርቁን እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጥረዋል። ዋልተር ጣቃውን ሲዘረጋ እማዬ በሁለት ጣቷ ዳበሰችው።

«ይሄ እኮ የተልባ እግር ነው!» አለች። «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ካህናቱ የሚለብሱት!»

እኔ ሸማ፣ ያውም በፌስታል። የዶሮ ቤቷ የካህናት ልብስ።

እማዬ አውሮፕላኗን ዝም ብላ ሁለት ጊዜ ዞረቻት። ከዚያ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አወረደች። «ወገቧ እዚህ ጋ ይጠባል። እንዲህ አግድም ከቆረጠው ይሸበሸብበታል፣ በይው።»

አልኩት። ዋልተር ጨርቁን አየ፣ እማዬን አየ። «እንዴት አወቀች?»

«ሙሽራ ትሰፋ ነበር።»

«ሺ ኢዝ ራይት» አለ።

በዚህ አገር እማዬን ትክክል ነሽ ያላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ፊቷ እንዴት እንደበራ ብነግራችሁ ማካፈል ትጀምራላችሁ። በዚያች ቅጽበት ግን የገባኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ለእናቴ አንድ ልጅ መሆኔ ቀረ።

ሕፃን ሲወለድ ለትልቁ ልጅ ሰው ያዝንለታል። «እህት መጣችልህ» ይለዋል፣ ከረሜላ ይሰጠዋል። እናትሽ አውሮፕላን ስትወልድ ግን አይዞሽ የሚልሽ የለም።

ዋልተር አውሮፕላኗን «ሺ» እያለ ነበር የሚጠራት፤ እማዬ ወዲያው «አንቺ» አለቻት። «እዚህ ጋ አጥብቄብሽ ይሆን?» ትላታለች። «ቆይ፣ ላስፋልሽ።» ጎባጣ መርፌ ይዛ፣ ክሩን በሰም እያሸች፣ በየጣት ርዝመቱ ትቋጥራለች። ቋጠሮውን ያስተማራት ዋልተር ነው፤ ክሩ ጥይት መትቶት አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላው ስፌት እንዳይተረተር ነው። እማዬ ስትሰፋ ታዜማለች። ለኔ ስትሰፋ የምትለው «አትቁነጥነጪ!» ብቻ ነበር።

«አየሻት?» አለችኝ አንድ ቀን። «እሷ ስትለካ አትቁነጠነጥም።»

የአውሮፕላኗን የጀርባዋን ርዝመት በቃሏ ታውቃለች። የኔን የጫማ ቁጥር ጫማ ቤት ውስጥ እኔን ጠየቀችኝ።

ማታ ማታ ወንበር ላይ ወጥቼ ፌስታሉን እከፍታለሁ። ሁለቱ እጅጌ አሉ። ደረቱ አለ። ማንም አልነካውም። እኔ ደግሞ እያደግሁ ነው። ቀሚሱ የተቆረጠው በሰኔ ልኬ መሆኑ ሲገባኝ ማደግ ለማቆም ወሰንኩ። አስተማሪያችን ወተት ቁመት ይጨምራል ብላ ስለነበር ወተት ተውኩ። እግሬን አጥፌ፣ ጉልበቴን አገጬ ሥር ወትፌ መተኛት ጀመርኩ። አባዬ ከሥራ ሲመለስ አይቶኝ «ይቺ ልጅ በርዷት ነው» ብሎ ሦስት ብርድ ልብስ ከመረብኝ። የካልጋሪ ነሐሴ ሙቀት ነው እኮ!

አንድ ዓርብ ዋልተር እንዲህ አለኝ፦ «እሑድም ብትመጣልኝ በላት። በብርድ ዶፕ አይደርቅም፤ ብርዱ ሳይገባ መጨረስ አለብን።»

«ምን አለ?» አለች እማዬ።

አስተርጓሚ መሆን እንዲህ ያለ ሥልጣን ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አፍሽን አፍሽን ያያሉ።

«እሑድ ሰንበት ስለሆነ ቤታችሁ እረፉ ይላል።»

«ውይ፣ ይባረክ! እግዜርን የሚፈራ ሰው ነው።»

ወደ ዋልተር ዞርኩ። «አትችልም። ልጇ በጣም ታማለች።»

«የትኛዋ ልጇ?»

«ያለቻት አንድ ናት» አልኩት፣ ፊቴን ቅጭም አድርጌ።

ዋልተር ከላይ እስከ ታች አየኝ።

እሑድ ከቅዳሴ እንደተመለስን በራችን ተንኳኳ። ዋልተር በሁለት እጁ ድስት ታቅፎ ቆሟል። የዶሮ ሾርባ። በፍልሰታ ጾም፣ ገና ሳምንት ባልሞላው ጾም፣ ቤታችን ዶሮ ዶሮ ሸተተ። እማዬ ጎንበስ ብላ ተቀበለችው። እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነበር፤ ዋልተር የተናገራት «ሲክ» ግን ከጥቂቶቹ አንዷ ነበረች።

«ሲክ? ማነው ሲክ?»

ዋልተር በአገጩ ወደኔ ጠቆመ።

እማዬ ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ የማይፈራ ልጅ ገና አልተወለደም። «የስ፣» አለች፣ «ቬሪ ሲክ።» ሾርባውን ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው፣ እኔን አልጋ ውስጥ ከተተችኝ። «ትዕግስት ብዬ ስም ያወጣሁልሽ ለቀልድ መሰለሽ?» አለችኝ በጆሮዬ። አባዬን «ይቺ በሽተኛ ከአልጋ እንዳትነሳ» ብላ አስጠነቀቀችውና በዋልተር ትራክ ወደ አውሮፕላኗ ሄደች። ያን ቀን ሙሉ ጣሪያ እያየሁ፣ ጾመኛ አፍንጫዬ የዶሮ ሾርባ እያሸተተ፣ በሕይወቴ ያልታመምኩትን ያህል ታመምኩ።

እማዬ ፋብሪካ ስትሄድ ጠዋት ጠዋት የሚጠብቁኝ ከበላያችን ያሉት እትዬ አልጣሽ ነበሩ፤ ጎንደሬ ናቸው፣ የማያውቁት ነገር የለም። አንድ ቀን ሲያሳስበኝ የኖረውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። እማዬ አዲስ ልብስ ባለበሰችኝ ቁጥር፣ ሁሉን ካስተካከለች በኋላ፣ ግንባሬ ላይ ሦስት ጊዜ «እትፍ! እትፍ! እትፍ!» ትላለች። የሌሎች እናቶች እትፍታ ነፋስ ነው። የእማዬ ካፊያ ነው። እኔም ሁልጊዜ እያየችኝ ነው በእጅጌዬ የምጠርገው።

«እትዬ፣ እማዬ ለምንድነው የምትተፋብኝ?»

«አይ ሞኝ! ያማረ ነገር ካልተተፋበት ዓይን ያርፍበታላ። የቀናተኛ ዓይን እንኳን ሰው ድንጋይ ይሰነጥቃል።»

«ቀናተኛው ልጅ ከሆነስ?»

«የልጅማ ይብሳል። ዓይኑ አዲስ፣ ያልተነካ!»

እጄ ውስጥ መሣሪያ ያስቀመጡልኝ አልመሰላቸውም።

መጀመሪያ በረንዳቸው ላይ በነበረ አንድ ቲማቲም ሞከርኩ። አጠገቡ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ሳልጨፍን፣ በቲማቲም ሊቀና የሚችለውን ያህል ቀናሁበት። በሦስተኛው ቀን ለሰለሰ፣ በአራተኛው ፈሰሰ። ሲጀመርም መበስበስ የጀመረ ቲማቲም እንደነበር ያኔ አልታየኝም። ያኔ የታየኝ ቡዳ መሆኔ ነው።

እማዬ የመጨረሻውን ስፌት በአውሮፕላኗ ሆድ በኩል ዘግታ፣ ዋልተር የመጀመሪያውን ዶፕ የቀባ ቀን፣ ሼዱ በዚያ በጥፍር ቀለም ሽታ ሰከረ። ጨርቁ ዓይናችን እያየ ተወጠረ። ስታይው ቆዳ ነው። ስትነኪው ድም ይላል። ስፌቶቹ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ቀጥ ብለው ወረዱ፤ አንድም ሽብሽብ የለ። ዋልተር ባርኔጣውን አወለቀ። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እኔ ባልዲ ገልብጬ ጭራዋ አጠገብ ተቀመጥኩና እንደ ቲማቲሙ አየኋት። እንባዬ እስኪወርድ አየኋት። እናቴ ናት፣ ቀሚሴ ነው፣ እያልኩ አየኋት።

በማግስቱ ስንገባ ዋልተር እዚያው ጭራዋ አጠገብ አጎንብሷል። እኔ ያየኋት ቦታ ላይ፣ በጠራው ቅባት መሃል፣ ሦስት ነጭ ነጠብጣብ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው የባቄላ ፍሬ ያህላሉ።

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ትንሽ ኩራትም ተሰማኝ፣ አልዋሽም።

«ዶፕ ሳይደርቅ ውሃ ከነካው እንዲህ ይነጣል» አለ ዋልተር። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «ያፈሳል።»

ነጠብጣቡን በማቅጠኛ አጥቦ እንደገና ቀባው። በማግስቱም ሦስት ነጭ ነጠብጣብ፣ እዚያው። መሰላል አቁሞ ጣሪያው ላይ ወጣና ሬንጅ ቀባ። በማግስቱም ሦስት። ካልጋሪ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብታ አልወረደም፤ ሰማዩ እንደ ብርጭቆ ነው። ሽማግሌው ግን ሬንጁን ይዞ ጣሪያ ላይ በዳዴ ይሄዳል፤ እኛ ታች ሆነን ቆርቆሮው ድም፣ ድም ሲል እንሰማለን።

ነጠብጣቡ በተመለሰ ቁጥር ሥራው በአንድ ምሽት ይረዝማል። «ይሄ ነገር በዚሁ ከቀጠለ ቀሚስሽ ለፋሲካ ነው የሚደርሰው» አለች እማዬ። በገዛ ዓይኔ የገዛ ቀሚሴን በላሁት!

ለማቆም ሞከርኩ። ሼዱ ስንገባ ዓይኔን በእማዬ ነጠላ ሸፈንኩ፤ ከበሩ ጋር ተጋጨሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሦስቱ ነጠብጣብ ግን አልቀሩም። እኔ ሳላይ ዓይኔ ብቻውን ይሄዳል ማለት ነው። በአምስተኛው ቀን የዋልተር እግር ከመሰላሉ ሸርተት አለና በአንድ እጁ ተንጠለጠለ። እማዬ ጮኸች። ወዲያው እግሩን አስተካክሎ እየሳቀ ወረደ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ቲማቲሙ ታየኝ።

ሁልጊዜ ማታ ስንጨርስ እማዬ «ሂጂ፣ ትራኩ ውስጥ ጠብቂኝ፤ መብራት አጥፍቼ መጣሁ» ትለኛለች። ያን ዕለት አልሄድኩም። የትራኩን በር ከፍቼ ድም አድርጌ ዘጋሁትና በጎን በር ተመልሼ አውሮፕላኗ ሆድ ሥር ተሳብኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ነው።

«ይቅር በይኝ» አልኳት በሹክሹክታ። «ዋልተርን እንዳትገድዪብኝ። ቆንጆ ነሽ።» ዓይኔን ጨፈንኩ። «ከኔ ትበልጫለሽ።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ የእማዬ ጫማ መጣ። ጭራዋ አጠገብ ቆመ።

«አይ ቁመና!» አለች እማዬ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አይ ወገብ! ማን ያያት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁብሽ እኮ። እትፍ! እትፍ! እትፍ! ከሰው ዓይን ይሰውርሽ።»

ሦስት ጠብታ፣ ካፊያ ሆኖ፣ ባልደረቀው ቅባት ላይ አረፈ።

ተመልከቱ እንግዲህ። ዓይኔ ንጹሕ ነው፣ ዋልተርን አልገድልም፣ ቡዳ አይደለሁም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ የቀናሁት ቅናት ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ላይ ከአፌ ወጣ።

«ያ የኔ ነው!»

«በስመ አብ ወወልድ!» እማዬ ወደ ኋላ ዘለለች። ድምፁ የወጣው ከአውሮፕላኗ ሆድ ነዋ! ሁለት ጊዜ ካማተበች በኋላ ነው እግሬን ያየችው። «ውጪ! ውጪ ከዚያ! ምኑ ነው ያንቺ?»

እየተሳብኩ ወጣሁ። «እትፍታው! የኔ ነው! እኔ ላይ ነው የምትተፊው!»

እማዬ አፏን ከፍታ አየችኝ። ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ «አንቺ እኮ ትጠርጊዋለሽ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እጠርገዋለሁ፣ እያየችኝ። አውሮፕላኗ ግን አልጠረገችም። ሦስቱንም ይዛ፣ ነጭ አድርጋ፣ እስከ ማግስቱ ታሳድራለች።

እማዬ ያኔ ነው ዓይኔን ተከትላ ወደ ጭራዋ የዞረችው። እርጥቡን አየች። ቦታውን አየች። ቀና ብላ ያን በሬንጅ የተለቀለቀ፣ ምንም ቀዳዳ ኖሮት የማያውቅ ጣሪያ አየች።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አለች። «ሽማግሌውን ጣሪያ ለጣሪያ ያንከራተትኩት እኔ ነኝ?»

ዋልተር ጩኸቱን ሰምቶ ፔርሙዙን እንደያዘ ገባ። «ምንድነው?» አለኝ።

ዝናብ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ልዋሽላት ነበር። ይቺን ሴት በዚህ አገር ትክክል ነሽ ያላት አንድ ሰው ነው፤ እሱንም በምራቅ ልታጣው ነው። እማዬ ግን እጇን ትከሻዬ ላይ ጫነች።

«ተይ። እኔው ራሴ።» ቀጥ ብላ ቆመች። «ጋሽ ዋልተር። ኖ ሩፍ። ኖ ሬይን።» ነጠብጣቡን አሳየችው፣ ከዚያ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። «ማይ ማውዝ።»

ዋልተር ነጠብጣቡን አየ፣ አፏን አየ። ወደኔ ዞረ። አሁን እኔ ነኝ የማስረዳው። ያማረ ነገር ዓይን እንደሚያርፍበት፣ እናት ለልጇ እንደምትተፋ፣ ድንጋዩን፣ ሁሉን ነገርኩት። ስለ ቲማቲሙ ዝም አልኩ።

ባልዲዬ ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ሆዱ፤ እስኪያስለው ሳቀ። ሲጨርስ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገና ለረጅም ጊዜ ጭራዋን ተመለከተ።

«ወጣት መካኒክ ሳለሁ፣» አለ፣ «አውሮፕላኖቹ ከመነሳታቸው በፊት እያንዳንዷን ጭራዋን ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አደርግ ነበር። አንድ ቀን ተጣድፌ አንዷን ዘለልኳት። አልተመለሰችም።» ተነሳና ፔርሙዙን ከፈተ። «ትትፋባት በላት። ግን ከደረቀች በኋላ።»

ያን ክረምት ሳልጨምር ሳልቀንስ ያስተረጎምኩት ዓረፍተ ነገር ይህ ብቻ ነው።

እማዬ ፌስታሉን ያን ምሽት ከፍሪጁ ላይ አወረደችው። በሦስት ምሽት ጨረሰችው። እጅጌው አጥሯል፤ ወተት መተዌ ምንም አልፈየደም፣ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዝዣለሁ። ስፌቱ ግን የአውሮፕላን ስፌት ነው፦ በሰም የታሸ ክር፣ በየጣት ርዝመቱ ቋጠሮ። ጥይት ቢመታኝ እኔ እወድቃለሁ፣ ቀሚሴ አይተረተርም።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ታጥቤ፣ ተሠርቼ፣ ተቀብቼ ሳሎኑ መሃል ቆምኩ። እማዬ ተንበርክካ፣ ስፒሎች በከንፈሯ ይዛ፣ የጠርዙን መጨረሻ ታስተካክላለች። አልተቁነጠነጥኩም። ሲበቃት ተነስታ ወደ ኋላ ሄድ አለች፣ አየችኝ፣ በስፒሎቹ መሃል «በይ ሂጂ፣ አባትሽ መኪና ውስጥ ነው» አለችኝ።

አልሄድኩም። ግንባሬን ወደ ፊት አድርጌ ቆምኩ።

«ምን ቀረሽ?»

«ደርቄያለሁ» አልኳት።

እማዬ ስፒሎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ አውጥታ የስፒል ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። እጆቿ ዶፕ ዶፕ ይሸታሉ።

«እትፍ! እትፍ! እትፍ!» ዓይኔን ገልጬ ሳያት፣ ትንሽ አሰበችና አንድ ጨመረች። «እትፍ!»

ካፊያው ከግንባሬ ወርዶ ቅንድቤ ላይ ደረሰ። እጄን ግራና ቀኝ ቀሚሴ ላይ አጣበቅሁ። ደረጃውን ስወርድ አልጠረግሁትም፣ መኪና ውስጥም አልጠረግሁትም፤ አዳራሹ በር ላይ ከፊት ስቆም ነፋስ አደረቀው።

አውሮፕላኗ በምሽት ሦስት ነበር የሚደርሳት። ለኔ አራት። ለአራት ብታካፍሉት እንኳን አንዷ ትቀረኛለች።